ሽማግሌ የተላከበት ጥያቄ

ረቡዕ

አፌን ብዘጋው ምን ነበረበት! ስብሰባው ሊያልቅ ነበር፤ ሁሉም እስክሪብቶውን ኪሱ ከትቷል። እኔ ግን ጠየቅሁ። ያውም ከተቋራጩ በመጡ እንግዶች ፊት።

የጠየቅሁት ይህን ነው። የመብራት ማመንጫው ግድብ ውሃ የሚያልፍበት ዋሻ ዋጋው የጨመረው ድንጋዩ ልል ሆኖ ስለተገኘ ነው ይላሉ። ልል መሆኑ ግን ውሉ ከመፈረሙ በፊት በሙከራ ቁፋሮ ታውቆ ነበር። ታዲያ አሁን እንደ ድንገተኛ ነገር ተጨማሪ የሚከፈልበት ለምንድን ነው?

ጋሽ ከድር መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ጀመሩ። አለቃዬ ብቻ ቢሆኑ በቀለለኝ። የሟቹ አባቴ ጓደኛ ናቸው። እዚህ ሥራ ያስገቡኝ እሳቸው፣ ዋስ የሆኑኝ እሳቸው፣ የአባቴን አስከሬን የተሸከሙልን እሳቸው።

እንግዶቹን ሸኝተው ሲመለሱ በጎኔ አለፉ። ዓይናቸውን እንኳ አላነሱም።

ሐሙስ

"እንደምን አደሩ ጋሽ ከድር" አልኩ። "ደህና" አሉ፣ ለግድግዳው።

የዋጋ ማሻሻያው ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል። ገምጋሚዋ እኔ ነኝ፤ ካልፈረምኩ አያልፍም። ቀነ ገደቡ ሰኞ ነው፤ የተቋራጩ ሰዎች ያን ቀን ለስብሰባ ተመልሰው ይመጣሉ።

አጠገቤ የሚሠራው ቢኒያም ወንበሩን አስጠጋና "አንቺ ደግሞ አራዳ ሁኚ እንጂ! ከኪስሽ አይወጣ፤ ፈርመሽ ተገላገዪ" አለኝ። ከፒያሳ አፍንጮ በር ድረስ በእግሬ ስሄድ ይህንኑ ሳሰላስል ነበር። ከኪሴማ ይወጣል። ከእናቴም ኪስ ይወጣል፣ በመብራት ሒሳብ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው።

ብፈርም የማላምንበት ነገር ላይ ስሜ ይቀራል። ባልፈርም ባለውለታችንን አዋርዳለሁ። ሥራውን ብለቅስ? ሌላ ቦታ ማን ዋስ ይሆነኛል? ታፍኛለሁ።

ዓርብ

ሥራ ውዬ ስገባ ቤቱ በወንበር ተሞልቷል። እናቴ ከእድሩ ተውሳ ከአልጋዬ ሥር እስከ በሩ ደርድራዋለች፤ በጎን ካልሆነ አያስኬድም።

"ነገ ሽማግሌ ይመጣል። ሐጂ ይመር ከጁምዓ ሲመለሱ ነገሩኝ" አለች። ዓይኗ ያበራል። "ማነው ልጁ? ምነው ደበቅሽኝ?"

ወዲያው ገባኝ። የላኩት ጋሽ ከድር ናቸው፣ ሊያስታርቁን። እናቴ ለጋብቻ ስትዘጋጅ ሽማግሌው የሚመጣው ለዋሻ ነው። ስነግራት አንዱ ወንበር ላይ ቁጭ አለች።

በጣም ተናደድኩ። የቢሮ ጥያቄ መቼ ጠብ ሆነ? እኔ ከማንም አልተጣላሁም።

ቅዳሜ

ሐጂ ይመር እና የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ተክሌ መጡ። እናቴ "ኧረ በአላህ ተቀመጡ!" አለች።

"እሺ ካላለችን አንቀመጥም። ውሃም አንቀምስ" አሉ አቶ ተክሌ።

ቤቱ ሙሉ ወንበር፣ ሽማግሌዎቹ ቁመው። ሐጂ ይመር ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሰው በዚህ መንገድ ሲያዝ ምን መውጫ አለው?

"ልጄ፣ ከድርን ሰው ፊት አሳፍረሽዋል" አሉ ሐጂ ይመር። "ይቅርታ ጠይቂውና ነገሩን ተዪው።"

"ይቅርታውን እጠይቃለሁ። እንግዳ ፊት መናገሬ ልክ አልነበረም። ግን ሽማግሌ የሁለት ወገን ሰምቶ አይደል የሚፈርደው? ጥያቄዬን ስሙልኝ።"

ሰሙኝ። አቶ ተክሌ ወጥተው ጋሽ ከድርን ይዘው ገቡ፤ ለካ ከአጥሩ ውጭ ሲጠብቁ ኖሯል።

"ከድር፣ ልጅቷ ለጠየቀችህ መልሱ ምንድነው?" አሉ አቶ ተክሌ።

"ይሄ እኮ የቢሮ ጉዳይ ነው" አሉ ጋሽ ከድር።

"የቢሮ ከሆነ እኛን ምን አመጣን?" አሉ ሐጂ ይመር።

ጋሽ ከድር ወለሉን እያዩ "መልሱን አላውቀውም። ከላይ ይለፍ አሉኝ፤ እኔም አልጠየቅሁም" አሉ። አንጀቴን በሉት። እሳቸውም እንደ እኔ ታፍነዋል።

ትከሻቸውን ሳምኩ፣ ግንባሬን ሳሙኝ። ሽማግሌዎቹ መርቀውን ሁሉም ተቀመጠ። የፊርማውን ነገር ግን ማንም አላነሳውም።

እሑድ

ዕርቁ ከጠቡ ይልቅ አሰረኝ። ከታረቁ በኋላ ማስቸገር ነውር ነው፤ ነገ ባልፈርም ሽማግሌዎቹንም ማዋረድ ነው።

"ምን ልታደርጊ ነው?" አለች እናቴ።

"እኔ እንጃ።"

"አባትሽ ቢኖር..." አለችና ተወችው። ልጠይቃት ፈራሁ።

ሰኞ

ከስብሰባው በፊት ጋሽ ከድር ቢሮ ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

"ዛሬ ሰው ፊት አላስቸግርዎትም። ግን መልስ ሳላገኝ አልፈርምም።"

ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱት። አልተቆጡም፣ እሺም አላሉም። ተከትዬአቸው ደረጃውን ወረድኩ።

እንግዶቹ ፊት ወረቀቱን ዘርግተው "የድንጋዩ ጉዳይ ካልተመለሰ ይህ አይፈረምም። ጥያቄው የእኔ ነው" አሉ። የእኔ አሉ! ቢኒያም አንገቱን ወደ እኔ አዞረ። ከእንግዶቹ አንዱ ፈገግ ብሎ "እንነጋገርበታለን" አለ። ፈገግታውን አልወደድኩትም።

ከላይ እየተደወለ እስከ ማታ የጋሽ ከድር ስልክ አላረፈም። ስወጣ ስልኩን አሳዩኝና ራሳቸውን ነቀነቁ።

ቤት ስደርስ እናቴ ወንበሮቹን ለእድሩ ልትመልስ በር ላይ ደራርባለች።

"ተያቸው እማዬ፣ ይቆዩ" አልኳት። "ሌላ ሽማግሌ ሳይመጣ አይቀርም። አሁን ደግሞ ለእኔም ለጋሽ ከድርም።"

አንዱን አወረደችና ተቀመጠችበት። ሌላውን ወደ እኔ ገፋችው።