ሃያ ሦስት የተሳሳቱ ካርቶኖች

ሰኞ

ታደለ ዛሬም መጣ። የኮሌጅ መምህር ነው፤ አዲስ አበባ ስላደገ የማያውቀው ነገር ያለ አይመስለውም። መጫወቻ መሰብሰብ ያስተማርሁት እኔ ነኝ፤ አሁን እኔኑ ያስተምረኛል። የባቡሩን ካርቶን እንድሰጠው ለመነኝ፤ እምቢ አልሁት።

የምሰበስበው ካርቶኑ የተሳሳተ መጫወቻ ነው፤ ሕጉም ቀላል ነው። መጫወቻው ከፋብሪካ እንደታሸገ መቆየት አለበት፣ ስሕተቱም የአሻጊው መሆን አለበት። ካርቶኑ ላይ እንቁራሪት ተሥሎ በላስቲኩ መስኮት ዶሮ ከታየች፣ እሱ ዕቃ ነው። መጫወቻው የተሰበረ እንደሆነ ግን ቆሻሻ ነው። ይህን ለሰው ማስረዳት በድንጋይ ላይ ውኃ ማፍሰስ ነው። ጎረቤቶቼ ልጅ የሌለው ሰው በአሻንጉሊት ያብዳል ይላሉ አሉ። ይበሉ። እነሱ ባዶ የዘይት ጣሳ ይሰበስባሉ።

ያሉኝ ሃያ ሦስት ናቸው። ዶሮ በእንቁራሪት ካርቶን። ጀልባ በባቡር ካርቶን። ስሙ ተገልብጦ የታተመበት ከበሮ መቺ ድብ። ከሁሉ የምወደው በአውሮፕላን ካርቶን የታሸገው ዝንጀሮ ነው፤ አምና ለታደለ የአባቴን ሰዓት ሰጥቼ የለወጥሁት። እኔ ጨርቅ በምመረምርበት ፋብሪካ አንድ ክር ብትበጠስ ግምገማ እንቀመጣለን። የፈረንጆቹ ፋብሪካ ደግሞ ዝንጀሮ በአውሮፕላን ያሽጋል፣ የሚጠይቀውም የለም። እሱን ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ማክሰኞ

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ፈንታ ከአንድ ጥበቃ ጋር መጣ። ከእሑዱ ስብሰባ ለምን ቀረህ ሊለኝ ነበር። የሐይቁ ነፋስ ይግባልኝ ብዬ በሩን ከፍቼ ነበርና ዓይኑ መደርደሪያው ላይ አረፈ። መፈክር ሲያነብ እንኳ ሁለት ጊዜ የሚደናቀፍ ሰው፣ ካርቶኖቼን አንድ በአንድ እያገላበጠ ቆጠረ።

«ሕፃናት በጭቃ ይጫወታሉ፤ አንተ መጫወቻ ቆልፈህ ታስቀምጣለህ። ይህ ምን እንደሚባል ታውቃለህ?» አለኝ።

አውቃለሁ። አሻጥር ይባላል። አሻጥረኛ የተባለ ሰው ወዴት እንደሚሄድም አውቃለሁ። እስከ ቅዳሜ ሁሉንም ለቀበሌው መዋዕለ ሕፃናት እንዳስረክብ ጽፎ አስፈረመኝ። ስሜን አሳስቶ ነው የጻፈው። አላረምሁለትም።

ረቡዕ

ስለ ርክክቡ ልነጋገር በምሳ ሰዓት ወደ መዋዕለ ሕፃናቱ ሄድሁ። ኃላፊዋ ወይዘሮ አልጋነሽ ናቸው። ሁልጊዜ እጃቸው ላይ ቀለም አለ፣ ሲናገሩም ይስቃሉ። ከእንዲህ ያለ ሰው ምን ይገኛል ብዬ ነበር። ግን መጀመሪያ ልያቸው አሉና ከሥራ በኋላ ቤቴ መጡ።

ካርቶኖቹን እንደ እንቁላል ነው የያዟቸው። ይህን አልጠበቅሁም። ዝንጀሮው ዘንድ ሲደርሱ ቆሙ። ጠርዙን አሸተቱት፣ በጥፍራቸው ጫር አደረጉት።

«አቶ ዘለቀ፣ የፈረንጅ ፋብሪካ በዱቄት ሙጫ ያሽጋል እንዴ? እኛ የልጆቹን ሥዕል የምንለጥፈው በዚህ ነው። ነቀዙን ይዩት።»

አየሁት። ጥቃቅን ቀዳዳዎች፣ ዙሪያውን። አንድ ሰው ካርቶኑን ከፍቶ፣ ዝንጀሮውን ጨምሮ፣ መልሶ በሊጥ አጣብቆታል። አሥራ ሰባት ዓመት ጨርቅ መርምሬያለሁ፤ በመቶ ሜትር ውስጥ አንዲት የሳሳች ክር አታመልጠኝም። ይህን ዓመት ሙሉ በየቀኑ እያየሁ አላየሁትም። ወይዘሮዋ ያን ጊዜ እንኳ አልሳቁም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ

ታደለ አልካደም። ደስ እንዲልዎ ብዬ ነው አለኝ፤ ውለታ የዋለልኝ ይመስል። ሰዓቱን መልስ አልሁት፤ ሸጬዋለሁ አለ። የት እከሰዋለሁ? ስሜ በአሻጥር የተጻፈበት ቀበሌ ሄጄ?

የተማረ ሌባ ከማይም ሌባ ይከፋል፤ ማይሙ ቢያንስ አያስረዳህም። ይህን በመንገድ ሁሉ ለራሴ ስለው መጣሁ። ቤት ስደርስ ግን የናቅሁት እሱን አልነበረም። ሙጫውን ሳያይ ሥዕሉን ብቻ አይቶ የለወጠውን ሞኝ፣ ራሴን ነበር።

ዓርብ

ወይዘሮ አልጋነሽ ፋብሪካው በር ላይ ጠበቁኝ። መላ አለኝ አሉ። ጉድለት ያለበትን ዕቃ አልቀበልም ማለት መብታቸው ነው፤ የሚያስፈልገው የመርማሪ ፊርማ ብቻ ነው።

«መርማሪ አይደሉ? ውዳቂ ነው ብለው ይፈርሙ፤ እኔ እመልሳለሁ።»

ተናደድሁ። ዕቃዎቼ ውዳቂ አይደሉም አልኋቸው። የፋብሪካ ሠራተኞች ቆመው እያዩን ነበር።

«ለእርስዎ አይደሉም፤ ለጓድ ፈንታ ይሁኑ» አሉና ሄዱ።

ይህች ሴትዮ እንዲህ ብልህ መሆኗ ያበሳጫል።

ቅዳሜ

ጻፍሁ። ጓድ ፈንታ ትከሻዬ ላይ ቆሞ እያየ ሃያ ሁለት ጊዜ «ውዳቂ» ብዬ ጻፍሁ። ጀልባው ላይ ስደርስ ብዕሬን አስቀምጬ እንደገና አነሣሁት። ወይዘሮ አልጋነሽ በየተራ «አልቀበልም» እያሉ በከባድ ፊት ወደ እኔ ገፉት። ጓድ ፈንታ ድሮም ተራ ዕቃ መሆኑን አውቄ ነበር አለ። የማያውቀውን ነገር ሁሉ ድሮ ነው የሚያውቀው። ሃያ ሦስቱም ሲያልቁ መዝገቡን ዘግቶ ሄደ።

ሃያ ሦስተኛው ዝንጀሮው ነበር። እሱ ላይ ፋብሪካው አልተሳሳተም። ሐሰት መፈረም አልቻልሁም፤ «ጤነኛ» ብዬ ጻፍሁና እዚያው ቀረ።

ልጆቹ ካርቶኑን ቀደዱት። አንዲት ሕፃን ባርኔጣ አድርጋ ደፋችው፤ ሌሎቹ የዝንጀሮውን ቁልፍ ጠመዘዙት። ተገለባበጠ። እንደገናም ተገለባበጠ። ዘጠኝ ዓመት ስሰበስብ አንዱም ሲንቀሳቀስ አይቼ አላውቅም ነበር።

ሃያ ሁለቱን በጋሪ ጭኜ መልሼ ደርድሬአቸዋለሁ። እፎይ ብያለሁ። ስወጣ ወይዘሮ አልጋነሽ የልጆቹ መጫወቻ ብዙ ተበላሽቷልና ማክሰኞ ከሰዓት መጥተው ይጠግኑልን አሉኝ። ሥራ አለብኝ አልኋቸው። ማክሰኞ ከሰዓት ተረኛ አለመሆኔን ግን ከየት እንዳወቁ አልገባኝም።