መብራቱና የእናትሽ መድኃኒት

ሐረር፣ የካቲት 2003

ይድረስ ለልጄ ትርሲት፤ የፈረንጅ አገሩ ብርድ እንዴት አደረገሽ? እኛ ከነጎረቤቱ አለን።

አንደኛ፣ ኮንቨርተር የምትዪው የኤሌክትሪክ መለወጫ ገብቶኛል፤ ኃይሉን በአንዴ ከመልቀቅ በትንንሽ ደረጃ ታወጡታላችሁ፣ መቆጣጠሪያውም ደረጃዎቹን እኩል ያደርጋል። የእኛ መብራት ደረጃ አያውቅም፤ ዘሎ መጥቶ ፍሪጁን አቃጠለው።

ሁለተኛ፣ ፍሪጁ ስለሌለ የእናትሽን የስኳር መድኃኒት እንዲቀዘቅዝ እርጥብ አሸዋ በሞላ ገንቦ እናስቀምጣለን። ጎረቤታችን ዐዚዛ «ልጅሽ የፈረንጅ መብራት ታስተካክላለች፤ አንቺ መድኃኒት በገንቦ!» አለቻት። ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

ሦስተኛ፣ ደብዳቤሽን አሁን ለእናትሽ የማነብላት እኔ ነኝ። ወረቀቱን ወደ ዓይኗ አስጠግታ «ምነው ጽሕፈቷን አሳነሰችው?» ትለኛለች። ከዱሮው ደብዳቤሽ ጋር በማስመሪያ ለካሁት፤ እኩል ነው። አልነገርኳትም። አንቺ ግን ትልቅ አድርገሽ ጻፊ።

መስመሩ ሳይቋረጥ ያገናኘን።

አባትሽ ጌጡ