ድመቷ እንኳ ያለችበት መጽሐፍ

እህቴ፣

የሕፃኑ ልብስ ታጥቦ፣ ተተኩሶ አልጋሽ ላይ አለ። ሾርባው ድስቱ ውስጥ ነው፤ አሙቀሽ ጠጪ። ልጅሽን ጎረቤት፣ ልብስ ሰፊዋ ጋ ትቻታለሁ።

«ወንድሟ ሲመጣ እንዳትቀና» ብለሽ የሣልሽላትን መጽሐፍ፣ ሆስፒታል ከገባሽ ጀምሮ እንዳልሽኝ አነበብኩላት። ያምራል፤ እጅሽን ቁርጥማት አይንካው። አባቷ አለ፣ አንቺ አለሽ፣ ሕፃኑ አለ፤ ድመቷ እንኳ ምንጣፉ ላይ ተጋድማለች።

ልጅቷ ገጹን ስታገላብጥ ቆይታ «አክስቴ፣ አንቺ የታለሽ?» አለችኝ። አንቺ ቀለምሽን ስትበጠብጪ እኔ አዝያት ያደገች ልጅ ናት። ምን ልበላት?

«እናትሽ ረስታኝ ነው» አልኳት።

አንቺ ስትወለጂ ለእኔ መጽሐፍ የሣለልኝ የለም። «አንቺ ትልቅ ነሽ» ብለው አልጋዬን ለአንቺ ሰጡብኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ትልቅ ነኝ፤ እስከ ዛሬም የምተኛው ሳሎን ነው።

ፍራሼን ጠቅልዬ ከሶፋው ጀርባ አቁሜዋለሁ። ለሚቀጥለው ትልቅ ሰው ይሆናል።

አትፈልጊኝ።

ዛሬ ጠዋት ልጅሽ መጽሐፉን ዘግታ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች «ሕፃኑ ሲመጣ እናቴ እኔንም ትረሳኛለች?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት።

እንግዲህ ለዚህም መጽሐፍ ሣዪላት።