ሽማግሌ የማይላክበት መሥሪያ ቤት

ውድ ወንድሜ ቃለ አብ፣

የሐዋሳ ሙቀት ተስማማህ ወይ? ያ ሳልህስ ለቀቀህ? የአክስታችን የአበባየሁ ጉልበት እንዴት ነው? እኛ ለአካላችን ደህና ነን። እማዬ ዓይኗ በርቶላት መርፌ ውስጥ ክር ራሷ ታስገባለች። አባባም ቅዳሴ አልታጎለባቸውም። የቀረውን ግን እንደ ደህና አትቁጠረው።

እኔ የነበርኩበት የቢራ ገብስ ኩባንያ ሊቀጥርህ ነውና «ጥቅሙንና ጉዳቱን ሳትደብቂ ጻፊልኝ» ብለሃል። እስከ ሰኔ አምስት መልስ እንደሚፈልጉም ነግረኸኛል። እሺ፣ አልደብቅህም።

የማን ልጅ ነሽ ሳይሉ በፈተና ቀጠሩኝ። ደመወዜ አንድ ቀን አልዘገየም። የእማዬ ዓይን የታከመው በእነሱ የሕክምና ዋስትና ነው። በሞተር ከዳባት ደባርቅ ስበር አሮጊቶቹ «የቄሱ ልጅ በቅሎዋ ጭስ ታወጣለች» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር።

አስተባባሪያችንን ፀጋውን «ይህ የቢራ ገብስ የእኛን ውርጭ ይችላል?» ብዬ ጠየቅሁት። «በጥናት ተረጋግጧል» አለኝ። እኔም አባባን ለምኜ፣ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ከጎናቸው ቆሜ ለገበሬው ተናገርኩ። የእኔ ቃል የአባባ ቃል ሆነ። ጥፋቴ ያ ነው። ሰዉ የኩባንያውን ዘር ዘራ፤ የድሮውን የገብስ ዘር ከእንግዲህ ምን ያደርግልናል ብሎ ፈጭቶ በላው። ጥቅምት ላይ ውርጩ ማሳውን በሦስት ቀን አነጣው። ጥናቱ ለካ የተሠራው ውርጭ በማያውቅ አገር ነበር።

ከዚያ ፀጋው «ገበሬው ዘግይቶ ዘራ ብለሽ ፈርሚ፤ አዲስ አበባ ትዛወሪያለሽ» አለኝ። የዘሩበትን ቀን የመዘገብኩት እኔ ነኝ፤ አልፈርምም አልኩት። በማግስቱ «ገበሬውን አሳስታለች» የሚል የስንብት ደብዳቤ በኢሜይል መጣልኝ። ባሕር ማዶ ላለው ዋና ቢሯቸው አምስት ጊዜ አቤት አልኩ። አምስቱንም ጊዜ «ቅሬታዎ ደርሶናል» የሚል ያው መልስ መጣ።

አባባ ሦስት ሽማግሌ ይዘው ቢሮው ድረስ ሄዱ፤ እኔም ተከተልኳቸው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አያ ሰጠኝ «የዚህ ቤት ታላቅ ማነው?» ሲሉ ፀጋው «ባለአክሲዮኖች ናቸው» አላቸው። «በል ጥራቸው፣ እንጠብቃለን» ብለው በረንዳው ላይ ተቀመጡ። ሳቄ አመለጠኝ። ፀጋው ግን ገብቶ በሩን ዘጋ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ዘንጋቸውን ይዘው ሲጠብቁ ማንም አልወጣም። ያኔ አለቀስኩ። ባለፈው ሳምንት ኩባንያው ሰሌዳውን ነቅሎ ሄደ።

አሁን መሬቱ ታርሶ ዘር የለም። እማዬ በየዳ ድረስ ዘመድ ቤት ሄዳ በአንድ ቁና ዘር ብቻ ተመለሰች። አባባ ቅዳሴ ሲያልቅ ሰው እንዳያገኛቸው በኋላው በር ይወጣሉ። ለእኔ አንድ ክፉ ቃል አልተናገሩም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ እዚያው ደጀ ሰላም ላይ ብቻዬን ቆሜ የሆነውን ሁሉ እናገራለሁ። የሚሰማኝ ያለ አይመስለኝም፤ ንግግሬም ዘር አይሆንም። ግን እቆማለሁ።

አንተን ግባ ወይም አትግባ አልልህም። ከመፈረምህ በፊት ግን ሽማግሌ ቢመጣባቸው በር የሚከፍተው ማን እንደሆነ ጠይቃቸው። ስሙን ይንገሩህ።

አክስታችንን ጉልበቷን፣ ትንሿን ሲሲን ጉንጯን ሳምልኝ። እማዬ ጋቢህን እንዳትጥል ብላሃለች። አባባን ምን ልበልልዎ ስላቸው «እዚያ ደጋ ካለ፣ የገብስ ዘር ይጠይቅልን» አሉ።

እህትህ እሌኒ ሀብተ ሚካኤል
ደባርቅ፣ ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.