ሰባተኛው ተሳፋሪ

ሚያዝያ 4፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት 1 ሰዓት
ዝናብ አድሯል። ላሞቹን ከአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ አስወጣን። ሳሩ ርጥብ ነው፤ ጎማ ይይዛል። ስድስት ተሳፋሪ ወደ አርባ ምንጭ። ሁሉንም መዘንኩ። የማር ነጋዴዋ ወ/ሮ አስቴር ሚዛኑ ላይ ቆማ፣ "ጋሼ፣ እኔ ቡና ነኝ እንዴ? ደግሞ ጮክ ብለው እንዳይጠሩት!" አለች። ሰልፈኛው ሳቀ። ጮክ ብዬ ጠራሁት። ሰባ አንድ።

ባለ አንድ አውሮፕላን ነን፤ "የሚበር ሚኒባስ" ይሉናል። ይበሉ። ሻይ አንሰጥም፣ የመስታወት ቢሮ የለንም፣ አንድም ወንበር ባዶ አይሄድም። ርካሽ የሆንነው በዚህ ነው። ወንበሩ ሁሉ ከሞላ ደግሞ ኪሎው መታወቅ አለበት። ሌላ ምስጢር የለውም፣ ደብተሬ።

ከሰዓት 9 ሰዓት
ተናድጃለሁ። አብራሪያችን ካፒቴን ምሕረት ከሁለተኛው በረራ ሁለት ተሳፋሪ አስወረደች። ተመዝነው የገቡ ሰዎች! ጠዋት ስትነሳ ከሜዳው ጫፍ ያለውን ባሕር ዛፍ ለጥቂት ነው ያለፈችው፤ አውሮፕላኗ ከብዳለች አለች። የክብደቱን ወረቀት አሳየኋት። ከልኩ በታች ነው። "አባባ፣ ወረቀቱ አይበርም። የምበረው እኔ ነኝ" አለችኝ፣ በሰው ፊት። ግድግዳው ላይ በእጄ የጻፍኩትን ደንብ ጠቆምኳት፦ ሚዛኑን ያላመነ አይበርም። የአውሮፕላኗን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ እናቷ ጋ ገዘር ከተማ ሄደች። ትሂድ።

ሚያዝያ 6፣ ሐሙስ
ከአ/አ የመጣው ተተኪ አብራሪ በረረ። ስድስት ሰው። ሲመለስ ግንባሩ በላብ ርሶ ነበር። አየሁ። አልጠየቅኩም።

ሁለተኛዋ አውሮፕላን በሰኔ ትመጣለች የሚል ደብዳቤ ደረሰ። ሸሪኬ መ/ር ተሾመ ሊጨፍር ምንም አልቀረው። የመጀመሪያዋን ስንገዛ አብረዋት የመጡትን መጻሕፍት በመዝገበ ቃላት፣ በቀን አንድ ገጽ እያልኩ ነው የጨረስኩት። ማንም አላስተማረኝም። ዛሬ የገዘር ልጅ አታስተምረኝም።

ሚያዝያ 8፣ ቅዳሜ
ለአዲሷ አውሮፕላን መጠለያ ሲሚንቶ መጣ። ነጋዴ አላምንም፤ መዘንኩት። ከረጢቱ ላይ ሃምሳ ኪ.ግ ይላል። ሚዛኑ አርባ አራት። ባለሱቁ ላይ ጮህኩበት። ሌላ አመጣ፣ ስፌቱ ያልተነካ። አርባ አራት። ሦስተኛ። አርባ አራት። "ጋሼ፣ ፋብሪካው ሌባ፣ ሾፌሩ ሌባ፣ እኔ ሌባ። ሚዛንዎንስ ጠይቀውታል?" አለኝ። አባረርኩት።

ከሄደ በኋላ በሚዛኑ ክንድ ላይ የምትንሸራተተዋን ብረት አወረድኩ። ቀለሟን ፋቅኩ። በየዓመቱ ቀለም የምቀባት እኔ ነኝ። ከሥር ተቦርቡራ የቀለጠ እርሳስ ተሞልቶባታል። ብረቷ ስትከብድ ሚዛኑ ያሳንሳል።

ሚዛኑን የገዛሁት ከተማ ከለቀቀ ቡና ነጋዴ ነው። ከአካባቢው የአሪ ገበሬ ቡና ሲረከብ ኪሎ የሚያሳንስለት ይኸው ሚዛን ነበር። እኔ ሰው ጫንኩበት።

አሰላሁ። ስድስት ሰው ባሳፈርኩ ቁጥር ያልታየው ትርፍ ክብደት የአንድ ሰው ያህል ነው። ሰባተኛ ተሳፋሪ። ስም የለው፣ ወንበር የለው። ስንቴ አብሮን በረረ?

ሚያዝያ 9፣ እሑድ
ለተሾመ ነገርኩት። በመጀመሪያ በሩን ዘጋ። ከጎረቤት ቸርች የመዘምራን ድምፅ ይሰማል። ሚዛኑን በዝምታ እንቀይር አለ። ማንም አልሞተ፣ ማንም አላወቀ። ከተወራ ማን ይሳፈራል? ሁለተኛዋ አውሮፕላንስ? መልስ አልሰጠሁትም። አለመመለሴን እሺታ አድርጎ ወሰደው። ምናልባት ነበር።

ሚያዝያ 10፣ ሰኞ
አራት ሰው ብቻ አሳፈርኩ። በዝናቡ ምክንያት ነው አልኩ። ዋሸሁ። ወ/ሮ አስቴር ወረፋዋ ለነገ ሲዞር አልተቆጣችም። "ጌታ ይባርክዎ፣ ጋሼ። እርስዎ እኮ ይጠነቀቁልናል" አለችኝ።

ሚያዝያ 11፣ ማክሰኞ
ቆረጥኩ። ጠዋት ሚዛኑ ላይ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ አስቀምጬ ሰልፈኛውን ሰበሰብኩ። ሃምሳውን አርባ አራት ሲል ሁሉም አዩ። ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ። በረራ ቆሟል። ወ/ሮ አስቴር፣ "ታዲያ እኔ ስንት ነኝ?" አለች። ሰማንያ አንድ አልኳት። ማንም አልሳቀ። ማሯን ተሸክማ ወደ አውቶቡስ ሄደች። የአርባ ምንጭ መንገድ በጎርፍ ተቆርጧል፤ ታውቃለች። ግን ሄደች። ተሾመ አያናግረኝም።

ከሰዓት ገዘር። ብረቷን ኪሴ ይዤ፣ ሚኒባስ ውስጥ ቦዬ የሚሉት ሥራሥር በሞላባቸው ሁለት ከረጢቶች መካከል። ምሕረት ከእናቷ ጓሮ እንሰት ስትቆርጥ አገኘኋት። ብረቷን ሰጠኋት። በእጇ መዘነቻት። "ያን ቀን ባሕር ዛፉን ስናልፍ ስንት ነበርን?" አለች። ከአንቺ ጋር ሰባት፤ በክብደት ግን ስምንት አልኳት። ሥራዬን ለቀቅኩ፣ አንቺና ተሾመ ያዙት አልኩ። ሳቀች፤ ደስ የማይል ሳቅ። "አባባ፣ እኔን በደንብዎ ቁልፍ አስቀምጬ እንድወጣ አድርገው፣ እርስዎ ደግሞ ቀላሉን መንገድ! መልቀቅ አይደለም። ያ ደንብ ይውረድ።" ደንብ አላወርድም ብዬ ተነሳሁ። እሷም እንሰቷን ቀጠለች። በመጨረሻው ሚኒባስ ተመለስኩ።

ሚያዝያ 12፣ ረቡዕ፣ ጠዋት 12 ሰዓት
አዲስ ሚዛን ከአርባ ምንጭ ታዟል። ሲደርስ መጀመሪያ የምቆምበት እኔ ነኝ። አንድ ቀን እንኳ ተመዝኜ አላውቅም። ሁለተኛዋ አውሮፕላን ትቆይ ብዬ ጽፌያለሁ።

ደንቡን አወረድኩ። ወረቀቱ ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ቆይቷል፤ በቢላ ነው የላጥኩት። በቦታው ጻፍኩ፦ አብራሪው ከብዷል ካለ፣ ከብዷል። ከሥሩ ሚስማር መትቼ ብረቷን ሰቀልኩ። ቀለም አልቀባትም።

የምሕረት ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ፣ እሷ ያስቀመጠችበት ቦታ ነው። ከገዘር የሚመጣው የጠዋቱ ሚኒባስ ጥሩንባ ይሰማል። እዚህ በር ላይ ቆሞ አያውቅም፤ ዛሬ ግን ቆመ፤ "አባባ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ።