ቀይ እስክሪብቶዎ

«የአሜሪካ ዳኛ ጡረታ አይወጣም እንዴ?» ብለው ለጠየቁኝ አባቴ፣ ለደሴው ዳኛ ዓብደላ፤ ናፍቆትና ሰላምታዬ ከኮሎምበስ ይድረስዎ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

ካልፈለገ አይወጣም፣ አባባ፤ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሹመት የዕድሜ ልክ ነው። ሰሞኑን ባነበብኩት አንድ ውሳኔ ሰባቱ ዳኞች አምስት ለአራት ተከፋፍለዋል፤ የተሸነፉትም የልዩነት ሐሳባቸውን ጽፈው አብሮ ታትሞላቸዋል። በምሠራበት የዕቃ መጋዘን በብሬክ ሰዓት ሳነበው፣ የሥራ ጓደኛዬ ሰልሳቢል «ክብርት ዳኛ፣ ቦክሱ ይግባኝ ብሏል፤ ተነሺ!» አለችኝ። ትሳቅ፤ የጥብቅና ፈቃድ ፈተናውን ሳልፍ እናያለን።

ተማሪ ሳለሁ በየጽሑፌ ሆን ብዬ አንድ ስህተት እደብቅልዎ ነበር። እርስዎም በቀይ እስክሪብቶ አክብበው «ተያዝሽ!» ይሉኝ ነበር። ባለፈው ደብዳቤዬም «እዚህ ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው ሴኔቱ ነው» ብዬ ደበቅሁልዎ። እርስዎ ግን «ጎበዝ ልጄ» ብለው መለሱልኝ። ከእርስዎ «ጎበዝ» ሰምቼ አላውቅም ነበር። መነጽርዎ አስቸግሮዎት ይሆናል፤ እንዲያስቀይርልዎ ለወንድሜ ለሱሀይል ነግሬዋለሁ።

በዚህኛውም ደብዳቤ አንድ ስህተት አለች፤ በጣም ቀላል ናት። እባክዎ አባባ፣ ይፈልጓትና አክብበው ይላኩልኝ። «ተያዝሽ» የምትለዋን ግን ሱሀይል አይጻፋት፤ በእጅዎ ይጻፉልኝ።

ናፋቂ ልጅዎ ጠይባ