መብራቱ ከጠፋ በኋላ

ሰኞ፣ ሠርጉ በቴሌቪዥን በታየ ማግስት

ለልጄ፣ ለሚጢጢዋ፤

ደብዳቤ በጤና ይጀመራል ብላ መምህሬ አስተምራኛለች። ስለዚህ ጤና ነኝ። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ይንቋቋል፤ ክር በመርፌ ማስገባት ካቃተኝም ቆይቷል፤ ሌላው ደህና ነው። አንቺም ደህና መሆንሽን በላክሽልኝ ፎቶ አይቻለሁ። ከስተሻል። አልከሳሁም እንደምትዪ አውቃለሁ፤ ዝም ብለሽ ብዪ።

ይህን የምጽፈው እኔው ራሴ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ሰው ጡረታ በሚወጣበት ዕድሜ ስለሆነ መስመሩ ቢጎብጥ አትፍረጂብኝ። ቀድሞ የምትጽፍልኝ ጎረቤታችን ፀጉር ሠሪዋ ነበረች። እኔ «ሸሚዙ ደርሶኛል፣ ሰፍቶኛል» ስላት እሷ ከራሷ «በጣም ናፍቀሽኛል» እያለች ትጨምርበት ነበር። መልሳ ስታነብልኝ እሰማለሁ። እኔ አላልኩም፤ ግን አጥፊውም አላልኳት። ያንቺን ደብዳቤ ስታነብልኝ ደግሞ ካስክ ውስጥ ፀጉራቸውን የሚያደርቁት ሴቶች ሁሉ ይሰሙ ነበር። ካስኩ ስለሚጮህባቸው እነሱም እየጮሁ፣ «ልጅሽ ዘንድሮም አትመጣም ማለት ነው?» ይሉኛል። የማታ ትምህርት የገባሁት በዚህ ነው። ለእውቀት ብዬ እንዳይመስልሽ።

በስልክ እንዳልነግርሽ በስልክ ትቸኩያለሽ። እኔም ስልክ ስይዝ እጮኻለሁ፤ ስጮህ የተቆጣሁ ይመስልሻል። አንዳንዴም ተቆጥቼ ነው።

የላክሽልኝን የድምፅ መልእክት ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። «እማዬ፣ አየሁት እኮ! ኮራሁብሽ! በዚህ ዕድሜሽ ደግሞ ምን ባል ያስፈልግሻል፣ ደግ አደረግሽ መለስሽው» ያልሽውን። ከዚያ ወዲህ አልደወልሽም። የኮራሽበት ነገር እንዴት እንደነበረ ልንገርሽ፤ ከዚያ እንደፈለግሽ ኩሪ።

«ሁለተኛ ጎጆ» የሚባለው ፕሮግራም ልብሱን የሚያሳጥበው እኔ የምሠራበት ላውንደሪ ነው። መቼም አይተሽዋል፤ የፈቱና የሞተባቸው፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ካሜራ ፊት ተቀምጠው ይተዋወቃሉ፣ የተስማሙት እዚያው ይጋባሉ። የፕሮግራሙ ልብስ አልባሽ አንድ ቀን ልብስ ልትወስድ ስትመጣ፣ ኮት ኪስ ውስጥ ማስቲካ የተወን ሰው ዘር ማንዘሩን ስራገም ሰማችኝ።

«እትዬ፣ እኛን የቸገረን እንደ እርስዎ ያለ ሰው ነው» አለችኝ። «እኛ ጋ ያሉት ሁሉም ትሑት ናቸው። ተመልካቹ ተኛብን።»

«እኔ ለባል ጊዜ የለኝም።»

«ባሉ ይቅርብዎት። ምሳ አለ።»

ሳቅኩ፤ ሄድኩ። ለምሳው ግን አልነበረም። እሑድ እሑድ ላውንደሪው ዝግ ነው። እሑድ ምን ያህል ረጅም እንደሆነ አንቺ አታውቂም።

ሳሎን የሚሉት ቤት ግድግዳው ኮምፔንሳቶ ነው። መስኮት አለው፤ ከመስኮቱ ውጭ ያለው ፀሐይ ግን እንጨት ላይ የታሰረ መብራት ነው። መደርደሪያው ላይ መጻሕፍት አሉ፤ ማንበብ ከቻልኩ ወዲህ ጽሑፍ አይቼ አላልፍምና አንዱን ሳብ ባደርገው ሁሉም ተያይዘው መጡ። ጀርባ ብቻ ናቸው። አንዲት ልጅ ፊቴ ላይ ዱቄት እየነሰነሰች «ያብረቀርቃሉ» አለችኝ። ዕድሜዬን በእንፋሎት ውስጥ የኖርኩ ሰው ሌላ ምን ልሁን?

ከፊቴ ያስቀመጡት ሰው የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሾፌር ነው። ሚስቱ ሞታበታለች። የግራ ክንዱ ከቀኙ ይጠቁራል፤ በመስኮቱ በኩል የገባበት ፀሐይ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ያየሁት ኮሌታውን ነው።

«ይህን ኮሌታ ማን ነው የተኮሰልህ?» አልኩት፣ ገና ሰላም ሳልለው።

«እኔው ራሴ።»

«በምን?»

ዙሪያውን አየና ድምፁን ቀነሰ። «በድስት። ውሃ አፍልቼ፣ በቂጡ። ካውያው የምራቴ ነው፤ እንዳይበላሽባት ትቆልፍበታለች።»

«ድስት መሆኑንማ አውቄዋለሁ። ክቡ ታትሞበታል።»

አንገቱን ዳበሰ። «በይ እንግዲህ፣ አሁን አገር አወቀው!» ብሎ ሲስቅ እኔም አብሬው ሳቅኩ። አሳይተውታል፤ አይተሽኝ ይሆናል። አፌን በእጄ አልሸፈንኩም።

ከዚያ በኋላ ካሜራ ባለበትም በሌለበትም እናወራ ጀመር። የሚኖረው ከልጁ ጋር ነው። የሚተኛው ሳሎን ሶፋ ላይ ስለሆነ ቤተሰቡ ቴሌቪዥን አይቶ እስኪጨርስ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። «እንቅልፌ ሲመጣ ተሳፋሪ ነኝ እላለሁ፤ ፌርማታዬ እስኪደርስ» ይላል። ቀልዱ ሁሉ የአውቶቡስ ነው። እኔም ስለ ቤታችን ነገርኩት፤ አንድ ክፍል፣ ሁለት አልጋ።

«ሁለተኛው የማን ነው?» አለኝ።

«የልጄ።»

«መቼ ትመጣለች?»

«በሚቀጥለው ዓመት» አልኩት።

ሌላ አልጠየቀም። ሾፌር ነው፤ የማይመጣ አውቶቡስ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው በሕይወቱ ብዙ አይቷል።

አሁን ወደዚያ ቀን ልምጣ። ያ የውሸት ሳሎን ውስጥ ጎን ለጎን አስቀመጡን፤ መብራቱ በራ። ሾፌሩ ጉሮሮውን ጠረገ። የተጻፈለትን እንዲያጠና ሰጥተውት ነበር፤ ጠፋበት መሰለኝ የራሱን ተናገረ።

«ሰው ቴሌቪዥኑን እስኪያጠፋልኝ መጠበቅ ሰልችቶኛል» አለኝ። «ካንቺ ጋር ብኖር ምን ይመስልሻል?»

«የእኔ ቴሌቪዥን ከተበላሸ ቆይቷል» አልኩት።

«እንግዲያው ተስማምተናል።»

«ተስማምተናል» አልኩ።

አልኩ፣ ልጄ። በዚህ አፌ ብያለሁ። ይህን አንቺ አላየሽውም፤ ማንም አላየውም። አዘጋጁ፣ ያ ልጅ እግር ጺማም፣ እጁን አጨበጨበና «በጣም ቆንጆ ነበር፣ ግን ፈጠናችሁብኝ። እንድገመው» አለ። ሾፌሩን ዱቄት ሊቀቡት ወደ ጥግ ሲወስዱት እኔ ዘንድ ጎንበስ አለና፣ «እማማ፣ አሁን ሲጠይቅዎ ዝም ይበሉ። አንገትዎን ደፋ ያድርጉ። መልሱን በሚቀጥለው ሳምንት እናደርገዋለን፤ ሰው እንዲጓጓ ነው» አለኝ። የመሰለኝ ለእሱም የነገሩት ነው። ሥራ ነው ብዬ እሺ አልኩ። ካውያ ቤት ድገሚ ከተባልሽ ትደግሚያለሽ፤ ለምን አይባልም።

መብራቱ በራ። ሾፌሩ ያንኑ ቃል በቃል ተናገረ፤ አንዲት ቃል አልሳተም። እኔም አንገቴን ደፋሁ፤ ዝም አልኩ። አንቺ የኮራሽው በዚህ ነው።

«በቃ!» አለ አዘጋጁ። መብራቱ ጠፋ። ልጆቹ ገመድ ይጠቀልሉ ጀመር። እኛ እዚያው ሶፋ ላይ ነን። ሾፌሩ አልተነሳም። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እኔን ያያል። እኔ ወለሉን አያለሁ። ቴሌቪዥን ላይ ልወጣ ነው ስልሽ በስልክ «አታዋርጂኝ» ያልሽኝ ጆሮዬ ውስጥ ነበር፤ አልጋሽም ትዝ አለኝ፣ የት ላደርገው ነው ብዬ። ልጆቹ ገመዱን ጠቅልለው ወጡ። ያን ጊዜም ዝም አልኩ። አዘጋጁ ነው ዝም በይ ያለኝ።

በሚቀጥለው እሑድ ሾፌሩ አልመጣም። «ላስጨንቃት አልፈልግም፣ ልቧ ተመልሷል» ብሎ ነገራቸው። እነሱ ደስ አላቸው፤ ባዶውን ወንበር ብቻውን ቀረጹት። ለሳምንቱ ለምነው ሲመልሱት ሳቂታዋን ጎኑ አስቀመጡለት። ሳቂታዋ የምንላት ጨርቅ ነጋዴዋ ናት፣ ሁለቴ ቢያስደግሟት ሁለቴም እኩል ትስቃለች። ክፉ ሴት አይደለችም። ክፉ ብትሆን ይቀለኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ሱፉ መጣ። የሙሽራው ሱፍ እኮ ነው የምልሽ። ለእኔ አልነገሩኝም፤ እኔ ግን አንዱ ትከሻው ከሌላው ዝቅ ያለው ሱፍ የሾፌሩ መሆኑ አይጠፋኝም። ጓደኛዬ አጣቢዋ «ተይው፣ እኔ ልተኩሰው» አለችኝ። «አንቺ እጀታ አትችይበትም» አልኳትና ወሰድኩት። እርጥብ ጨርቅ አልብሼ ቀስ ብዬ ተኮስኩት። ያን ያህል የደከምኩበት ልብስ የለም፤ የራሴንም የሠርግ ልብስ ጨምሮ።

ሊወስደው የመጣችው ልብስ አልባሿ አልነበረችም። እሱ ራሱ ነው። ባንኮኒው ላይ እጁን አድርጎ ቆመ።

«ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ። አንተስ?»

«ደህና» አለ። ከዚያም፣ «ያን ዕለት አዘጋጁ ዝም በይ ብሏት ነበር አሉኝ።»

«ማን አለህ?»

«ልብስ አልባሿ። ትናንትና። ለሁለታችሁም ነግረዋችሁ መስሎኝ ነው አለች።»

«ብሎኛል» አልኩ።

አንገቱን ነቀነቀ። ኮሌታው ላይ ዛሬም ክቡ አለ። «መብራቱ ከጠፋ በኋላስ?» አለኝ፤ ሲቆጣ አይደለም፤ መንገድ እንደሚጠይቅ ሰው ነው።

ሱፉን ከማንጠልጠያው አወረድኩ። ላስቲኩን አለበስኩት። ቁልፎቹን አንድ በአንድ አየሁ፣ ሁሉም ቢኖሩም።

«እጀታውን አትጠፈው» አልኩት። «ይጨማደዳል።»

«እሺ» አለ። ሱፉን በሁለት እጁ እንደተኛ ሕፃን ታቅፎ ወጣ። በሩን በትከሻው ነው የከፈተው።

ትናንት ሠርጉን ፀጉር ሠሪዋ ቤት አየሁት። አልሄድም ብዬ ነበር፤ እሑድ ሆነብኝ። ሴቶቹ ካስክ ውስጥ ሆነው፣ «ይሄ አይደል እንዴ ያባረርሽው? እኔ ብሆን እግሩ ላይ ነበር የምወድቀው!» ይሉኛል። ፀጉር ሠሪዋ «ተዉአት፣ ንግሥት ናት፣ ማንንም አትፈልግም» አለች። ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ሰው ሁሉ ሙሽራዋን ያያል፣ እኔ እጀታውን አያለሁ። አልተጨማደደም። ሲያጨበጭቡ እኔም አጨበጨብኩ፤ ደህና የተሠራ ሥራ ነው።

እንግዲህ ይኸው ነው። አልመለስኩትም። እንዳትኮሪብኝ ብዬ ነው የጻፍኩልሽ። አባትሽ ከእኔ በኋላ ሁለት ጊዜ ሲያገባ ሁለቴም ስጦታ ልከሽለታል፤ በዚህ ዕድሜህ አላልሽውም። ይህን ለጠብ አላነሳሁትም። አንዴ ጽፌው እንዲወጣልኝ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አልጋሽ እንደተነጠፈ ነው። በየሳምንቱ አንሶላውን አጥበዋለሁ፣ እተኩሰዋለሁ፤ ማንም ያልተኛበትን። ትመጫለሽ ወይስ አትመጪም? በሚቀጥለው ዓመት አትበዪኝ። የምትመጪ ከሆነ ይቆይሻል። የማትመጪ ከሆነ አልጋውን አወጣውና ቦታው ላይ ወንበር አደርጋለሁ፤ መስኮቱ አጠገብ ስለሆነ ብርሃን አለው፣ አነብበታለሁ። አልቀየምሽም። ቁርጡን ልወቀው ብዬ ነው። ብቻ ዝም አትበዪኝ። እዚህ ካሜራ የለም፤ አንቺን ደግሞ ማንም ዝም በይ አላለሽም።

ፈጣሪ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ። እጅሽ የነካው ይሙላልሽ። ዕድሜ ሲጫንሽ በርሽን የሚያንኳኳ ሰው አይታጣ። ምግብ ብዪ፤ አገጭሽ ሹል ሆኗል።

ይህን ደብዳቤ ፀጉር ሠሪዋ አላየችውም። ስለዚህ እሷ ከራሷ ትጨምርልኝ የነበረውን ቃል አንቺው ጨምረሽ አንብቢው። አጥፊው አልልሽም።

እናትሽ